ከባለገንዘቤ ጋር ተቋጥሬ ወደ ሞጣ

ነገሩ የሆነው በንጉሡ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ነው። ያኔ ከቢቸና ሞጣ የሚወስደው መንገድ መኪና የሚያሳልፈው በበጋ ብቻ ነበር። ዛሬ ልጆቼ ያንኑ መንገድ መኪና ውስጥ እያንቀላፉ ያልፉታል። እኔ ግን እስካሁን ድረስ ገበያ መሐል ሰው ከኋላዬ የጋቢዬን ጫፍ ሲነካኝ ልቤ ቀጥ ትላለች። ባለቤቴ ይህን ስለምታውቅ አንዳንዴ ሆን ብላ ጎተት ታደርገኛለች። እሷ ትስቃለች፤ እኔን ላብ ያጠምቀኛል።

ያኔ ሹፌር ነበርኩ። ሹፌር ብቻም አይደል፣ ባለመኪና ነበርኩ፤ ያውም ቢቸና ላይ! መኪናዬ አሮጌ ጂፕ ናት። በሯ በገመድ ይታሰራል። ቁልቁለት ላይ ካልቆመች አትነሳም፤ ዳገት ላይ ደግሞ ተሳፋሪው ወርዶ ካልገፋ አትወጣም። ቢሆንም የኔ ነበረች። አባቴ የተወልኝን ከብት ሁሉ ሸጬ የገዛኋት ናት። ከቢቸና ደብረ ወርቅ፣ ከደብረ ወርቅ ሞጣ ሰው አመላልስባት ነበር።

አንድ ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ የመጨረሻ ምልልሴን ላድርግ ብዬ ወደ ሞጣ ስሄድ፣ ከከተማው ወዲህ ያለው ወንዝ መሻገሪያ ላይ ጉድ ሆንኩ። የወንዙን ስም አልጠራውም፤ ዛሬም ይቀፈኛል። ውሃው ሲታይ ጉልበት አይደርስም። መሐል ስገባ ሞተሩ ጠፋ። ወደ ላይ ዘንቦ ኖሮ ደራሽ ውሃ መጣ። ተሳፋሪው ሁሉ ዘሎ ወረደ። እግዜር ይመስገን፣ ሰው አልተጎዳም። የአንድ ነጋዴ ጨው ግን ሟሙቶ አለቀ፤ ሰውየው ባዶ ጆንያ ይዞ ወጣ። መኪናዋም ተገልብጣ አፍንጫዋን አሸዋ ውስጥ ቀብራ ቀረች።

ጎትቶ ያወጣት የባላምባራስ ጫኔ ካሚዮን ነው። ባላምባራስ ጫኔ የሞጣ ሰው ናቸው። ሰፊ ግቢ፣ አንድ ካሚዮንና ብዙ ክርክር ነበራቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሪዛቸው የነጣ ሽማግሌ ናቸው። የሚያውቋቸው ሰዎች «ባላምባራስ ክስ ካጡ ያማቸዋል» እያሉ ያሟቸው ነበር።

ነጋዴው ለጨው ከሰሰኝ። ፖሊስ ደግሞ የመኪናዋን ወረቀት ሲያይ ጊዜው አልፎበታል። በዚህ ምክንያት መኪናዋ ታገደች። የፖሊስ ጣቢያው አጥር አልነበረውምና ጉዳዩ እስኪያልቅ ባላምባራስ ግቢ ትቁም ተባለ። የማቆሚያው ሒሳብ በየቀኑ ይታሰባል። እከፍላለሁ፣ አስፈታታለሁ ስል ክረምቱ አለፈ፤ በጋውም አለፈ። ገንዘብ ከየት ይምጣ? ገንዘብ የምታመጣልኝ እሷው፣ ታግዳ የቆመችው እሷው!

በመጨረሻ በዳኛ ትእዛዝ በሐራጅ ተሸጠች። ስሰማ አለቀስኩ። ካለቀስኩ በኋላ ግን ቀለል አለኝ። መኪናዬን ወሰዱ፣ በቃ፣ ዕዳዬም አብሯት ሄደ አልኩ። ማንም ሌላ ነገር አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

የተሸጠችበት ዋጋ ለመቀጮውና ለጨው ነጋዴው ካሳ ሲባል አልቆ ኖሯል። ለመጎተቻውና ለማቆሚያው የተረፈ የለም። ባላምባራስ ካሚዮናቸውን አሰማርተው፣ ግቢያቸውን ከዓመት በላይ አስይዘው፣ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። መኪናዋ የለችም፤ ዕዳው ግን አለ። እኔ ይህን ሁሉ ሳላውቅ ቢቸና ላይ እህል በማስጫን እየሠራሁ፣ ባለቤቴም የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ፣ በሰላም እኖር ነበር።

መስከረም ገባ። መስቀል ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው በቅዳሜ ገበያ በሽንኩርት ዋጋ እየተከራከርኩ ሳለ ከኋላዬ የጋቢዬ ጫፍ ተያዘ። መጀመሪያ ጓደኛ መሰለኝ።

«በሕግ አምላክ! በንጉሥ አምላክ! ንቅንቅ እንዳትል!»

ዞር ስል ባላምባራስ ጫኔ ናቸው። ጠመንጃ አንግተዋል፤ በቅሏቸው ከኋላቸው ቆማለች። ቃል ሳይጨምሩ የኔን ጋቢ ጫፍ ከሳቸው ጋቢ ጫፍ ጋር አጋጥመው ቋጠሩት። ጠበቅ አድርገው ደግመው ቋጠሩት።

ለዛሬ ልጆች ላስረዳ። በጥንቱ ልማድ ከሳሽ ተከሳሹን ካገኘ በሕግ አምላክ ብሎ ያቆመዋል። ከዚያ ልብሳቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ አብረው ዳኛ ፊት ይሄዳሉ። ያን ቋጠሮ የሚፈታው ዳኛ ነው። ዳኛ ሳያይ የፈታ ሰው ሕግ ረገጠ ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ በአገሩ ቀና ብሎ አይሄድም። በኛ ጊዜ ይህ ነገር እየቀረ ነበር። ፖሊስ አለ፣ መጥሪያ አለ። ባላምባራስ ግን የድሮ ሰው ናቸው፤ እኔም የድሮ ሰው ልጅ ነኝ። እጄ ወደ ቋጠሮው አልሄደም።

አንድ መውጫ ብቻ አለ። ዋስ ከተገኘ ቋጠሮው እዚያው ይፈታል፤ ተከሳሹም በቀጠሮው ቀን ራሱ ይቀርባል።

«ዋስ ጥራ» አሉኝ።

ገበያው ዙሪያችንን ከቦ ቆሟል። የማላውቀው ፊት የለም። ግማሹን በነጻ አሳፍሬዋለሁ፤ የታመመ እናቱን ደጀን ድረስ የወሰድኩለት ሰው አለ። «ኧረ ወገኖቼ፣ አንድ ሰው!» አልኩ። የዕዳውን ነገር ባላምባራስ ጮክ ብለው ተናግረውታልና ሁሉም ሰምቷል። ሚዜዬ የነበረው ልብስ ሰፊ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ያየኛል። ዓይን ለዓይን ስንገጣጠም አንገቱን ደፍቶ የስፌት መኪናውን መርገጥ ጀመረ። ሌላው እህል ሊለካ ሄደ። ጀርባ በጀርባ ሆነብኝ።

የፈራሁት ያኔ ነው። ከዚያ በፊት ደንግጬ ነበር እንጂ አልፈራሁም። ዋስ ካጣሁ ሞጣ እስር ቤት ነው። ያን ጊዜ እስረኛ ቀለቡ ከቤቱ ነው የሚመጣለት። እኔ ሞጣ ላይ ዘመድ የለኝም። ነፍሰ ጡር ሚስቴ ያን ሁሉ መንገድ አቆራርጣ ስንቅ ልታመጣልኝ ነው?

«ባላምባራስ፣ ቢቸናም እኮ ዳኛ አለ» አልኩ።

«ነገሩ የሞጣ ነው። መኪናህን ያሸጠው የሞጣ ዳኛ ነው፤ የሚፈታንም እሱ ነው» አሉኝ።

ወሬው ደርሷት ባለቤቴ ስንቅ ይዛ መጣች። አላለቀሰችም። ስንቁን ትከሻዬ ላይ አንጠልጥላ ቋጠሮውን አየችው። «ይህ ሰው አሁን በእጅዎ ነው» አለቻቸው ለባላምባራስ። እሳቸውም ጎንበስ ብለው እጅ ነሷት።

ጉዞ ጀመርን። በቅሎ አለ፤ የሚቀመጥባት ግን የለም። እኔ ራሴ «ባላምባራስ፣ እርስዎ ይቀመጡ እንጂ፣ እኔ በጎን እሄዳለሁ» ብላቸው ተቆጡ።

«አንተን በእግርህ እየነዳሁ እኔ በበቅሎ ብሄድ ዳኛው ምን ይለኛል? ከሳሽና ተከሳሽ እኩል ነው!»

በቅሎዋ ባዶ ኮርቻዋን ተሸክማ ፊት ፊት ትሄዳለች፤ እኛ ጭቃ እየረገጥን እንከተላታለን። በመንገድ ያገኘን ሰው ሁሉ ቆሞ ያየናል። ለሽንት እንኳ ተነጋግረን ነው የምንሄድ። ባላምባራስ የሚያወሩት ስለ ክስ ብቻ ነው። ይህን መሬት እንዴት እንደረቱ፣ ያንን ሰውዬ እንዴት እንዳሳሰሩ ይነግሩኛል። አሳሰርኩት ባሉ ቁጥር የሞጣ እስር ቤት ይታየኛል። ያ ጠመንጃ ደግሞ በተራመዱ ቁጥር ክንዴን ይነካኛል። ዳኛው ለመስቀል ወደ ደብረ ማርቆስ ሊሄድ ነው ተብሎ ስለተነገራቸው ያጣድፉኛል።

ደብረ ወርቅ ስንደርስ ዝናቡ ለቀቀው። ወንዙ ሞልቷል፣ አይሻገሩም አሉን። እዚያ አክስቴ ስመኝ ነበረች። አክስቴ ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ የማይጨበጥ ሴት ናት። በሩ ላይ ተቋጥረን ስታየን ስቃ አላባራ አለች።

«ምነው፣ አንተ ልጅ! ሁለተኛ ሚስት አገባህ እንዴ?»

ባላምባራስ ፊታቸው አልተፈታም። እሷ ግን ውሃ አሙቃ የሁለታችንንም እግር አጠበች፤ አንድ ሰፊ መደብ ላይ ጎን ለጎን አስተኛችን። ዝናቡ አላባራም ብሎ ከታሰበው በላይ ሰነበትን። ባላምባራስ ጧት ጧት ቤተ ክርስቲያን ይስማሉ፤ እኔም እየተጎተትኩ እስማለሁ። እሳቸው ሲሰግዱ እሰግዳለሁ። ለሳቸው ጽድቅ፣ ለኔ መከራ።

አክስቴ አንድ ቀን ምሳ ስታቀርብ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች።

«ባላምባራስ፣ ልጄ የመኪና ማቆሚያ በየቀኑ አለበት አሉ። እርስዎም እኔ ቤት ከቆሙ ሰነበቱ። የርስዎ ማቆሚያስ አይታሰብም?»

ጎረሱ፣ አኘኩ፣ ዋጡ። ቀስ ብለው «ሴትዮዋ ሕግ ታውቃለች» አሉ። ከሪዛቸው በታች ፈገግ ያሉ መሰለኝ። ወዲያው ግን ቋጠሮውን በጣታቸው ነካክተው እንዳልላላ አዩ።

ዝናቡ አባራ። ተነስተን ወንዙ ዳር ደረስን። ውሃው ጎድሏል፤ ጠጠሩ ሁሉ ይታያል። እግሬ ግን አልታዘዝ አለኝ። መኪናዬ የቀረችበት ያው መሻገሪያ ነው። በሌላ ቀን ቢሆን ሰው እየደገፉ የሚያሻግሩ ዋናተኞች አይጠፉም። ያን ቀን ግን የወር በዓል ሆኖ አንድም አልነበረም።

«ባላምባራስ፣ ዋናተኞቹ እስኪመጡ እንቆይ። ይህ ውሃ አይታመንም» አልኩ።

«ቁርጭምጭሚት ለሚደርስ ውሃ? ዳኛው ሊሄድብን ነው!»

በቅሎዋን ቸብ አድርገው ነዷት። ተሻግራ ዳገቱን ያዘች። እኛም ጋቢያችንን ወገባችን ላይ አጥብቀን ታጠቅን፤ ቋጠሮው መሐላችን ቀረ። እኔ ዱላ ይዤ ቀደምኩ። እሳቸው ጠመንጃቸውን አንገታቸው ላይ አጥልቀው ተከተሉኝ።

ከመሐሉ ጥቂት አለፍ ስንል ድምፁን ሰማሁ። ከላይ በኩል ድንጋይ ሲንከባለል ይሰማል። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ መኪናዬን የበላው እሱ ነው።

«ደራሽ! ደራሽ!» ብዬ ጮኼ ሮጥኩ። እሳቸውም ከኋላዬ ሊሮጡ ሞከሩ። እኔ ዳር ደርሼ የአንድ ዋርካ ሥር ስጨብጥ ውሃው መጣ። ወገቤን የሚቆርጥ ነገር ያዘኝ። ዞር ስል ባላምባራስ የሉም። ቀይ ውሃ ብቻ ነው። ጋቢው እንደ ገመድ ተወጥሮ ውሃው ውስጥ ገብቷል።

ጭንቅላታቸው ብቅ አለ፤ ተመልሶ ጠለቀ። «መሣሪያውን ይጣሉት! መሣሪያውን!» ብዬ ብጮህ ማን ይሰማኛል? ጠመንጃው ወደ ታች ይጎትታቸዋል። እኔ ሥሩን በአንድ እጄ አቅፌ በሌላው ጋቢውን እስባለሁ። ትንፋሽ አጠረኝ። ሥሩ ሲንጣጣ ተሰማኝ።

ጀግና ነበርኩ አልልም። ሐሳቤ አንድ ነበር። እኚህ ሰውዬ እዚህ ቢሞቱ ማን ያምነኛል? ባለገንዘቡን ወንዝ ከተተው ነው የሚባለው። ወንድሞቻቸውና ልጆቻቸው ደም ብለው ይነሱብኛል። እኔን ቢያጡ ገና ያልተወለደውን ልጄን ይጠብቁታል። ይህን እያሰብኩ «እመብርሃን፣ እኚህን ሰውዬ አትግደይብኝ!» እያልኩ እጎትታለሁ። እጄን እንዳልለቅ ያደረገኝ ፍርሃት ነው። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

እንዴት እንዳወጣኋቸው ዛሬም አላውቅም። ጭቃው ላይ ተዘርግተው አገኘኋቸው። ጠመንጃው አሁንም አንገታቸው ላይ ነው። አይናገሩም፣ አይንቀሳቀሱም። በሆዳቸው ገልብጬ ጀርባቸውን ተጫንኩ። ውሃ ከአፋቸው ወጣ፤ እሳቸው ግን ዝም። «ባላምባራስ! ባላምባራስ!» እያልኩ እደበድባቸዋለሁ።

በዚህ መሐል ከዳገቱ ላይ ጩኸት ሰማሁ። በቅሎዋ ባዶ ኮርቻዋን ይዛ መንደር ገብታ ኖሯል። የአካባቢው ሰው የማን በቅሎ እንደሆነች ያውቃል። ባላምባራስ ተገደሉ ብሎ ዱላና ጠመንጃ ይዞ እየሮጠ ይወርዳል። ደርሰው የሚያዩት ምንድን ነው? ባላምባራስ በደረታቸው ተኝተዋል፤ እኔ ጀርባቸው ላይ ተቀምጬ እጫናቸዋለሁ።

«ገደላቸው! ያዘው!»

አንዱ ጎልማሳ ጠመንጃውን ደረቴ ላይ ደገነው። «አንተ ማን ነህ?» አለኝ።

ምን ልበል? ሌላ ነገር ማለት እችል ነበር፤ አፌ ግን ከድንጋጤ የተነሳ እውነቱን አወጣው። «ባለዕዳቸው ነኝ» አልኩ።

ወይ የኔ ነገር! እንዲህ የሚል ቂል ከየት ይገኛል? ሰውየው ጠመንጃውን አቀባበለ። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ባለቤቴ ስንቁን ትከሻዬ ላይ ስታንጠለጥል ታየችኝ። የልጄን ፊት ሳላየው ቀረሁ ብዬ አዘንኩ።

«ቆይ! ቆይ!» አለ አንድ ሽማግሌ። ዓይኔን ስገልጥ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ጋቢያችንን ይዟል። «ይህን እዩ። ቋጠሮው አልተፈታም። ሊገድላቸው የፈለገ ሰው ከሳቸው ጋር ተቋጥሮ ምን ያደርጋል? ፈቶ አይለቃቸውም ነበር?»

ሁሉም ጎንበስ ብሎ አየ። ያ ገበያ መሐል ያዋረደኝ ቋጠሮ ምስክሬ ሆነ። ባለጠመንጃው ግን ገና አላመነም፤ አፈሙዙ ደረቴ ላይ እንዳለ ነው።

ባላምባራስ ሳሉ። ደግመው ሳሉ፤ ውሃ አስመለሳቸው። ዓይናቸውን ገለጡና እኔን ፈለጉኝ።

«ቋጠሮው አለ?» አሉ።

«አለ፣ ጌታዬ» አልኩ።

ጎልማሳውን ቀና ብለው አዩት። «መሣሪያህን አውርድ። ይህ ሰው በሕግ እጅ ነው» አሉት።

እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሰው ፊት ማልቀሴ አላሳፈረኝም።

በማግስቱ ሞጣ ዳኛው ፊት ቆምን። ዳኛው ወጣት ነው፤ ኮትና ሱሪ ለብሷል። ጭቃ የደረቀበት ጋቢያችንን ሲያይ አፉን በእጁ ያዘ።

«ባላምባራስ፣ ይህ ነገር እኮ ቀርቷል። መጥሪያ ቢያስልኩ ምን ነበረበት?»

«መጥሪያ ወንዝ አያሻግርም» አሉት።

ቋጠሮው ውሃ ጠጥቶ ጠብቋል፤ አልፈታ አለ። ዳኛው በምላጭ ይቆረጥ ቢል ባላምባራስ እምቢ አሉ፤ «ይፈታል እንጂ አይቆረጥም» ብለው አስቀመጡን። የችሎቱ ዘበኛ በጥርሱም በወስፌም ታግሎ ፈታው። ስለለቀቀኝ ደስ ሊለኝ ሲገባ በረደኝ።

ክሱ ተነበበ። ዳኛው «አለብህ?» አለኝ።

«አለብኝ፤ የምከፍለው ግን አሁን የለኝም» አልኩ።

«እንግዲያው ከፍለህ እስክትጨርስ ዋስ ጥራ። ዋስ ከሌለህ ወደ እስር ቤት ትሄዳለህ።»

ያው የቢቸናው ቃል መጣ። ዞሬ ሰዉን አየሁት። አንድ የማውቀው ፊት የለም። ወንዙን ያመለጥኩት ለዚህ ነው እንዴ አልኩ በልቤ። ዘበኛው ወደኔ ቀረብ አለ። ክንዴን ያዘኝ።

«ዋሱ እኔ ነኝ።»

ማን እንደተናገረ ለማየት ዞርኩ። ባላምባራስ ጫኔ ናቸው፤ እጃቸውን አንስተዋል።

ዳኛው የቀለዱ መሰለው። «ባላምባራስ፣ ከሳሹ እርስዎ፣ ባለገንዘቡ እርስዎ፣ ዋሱም እርስዎ?»

«አዎ። ይህ ሰው ቢጠፋ እኔው ለራሴ እከፍላለሁ። ጻፈው።»

«ምክንያትዎስ ምንድን ነው?»

«ትናንት ሞት መጥቶ ሲጎትተኝ አልለቀቀኝም። ያኔ ጥሎኝ ያልጠፋ ሰው ለዕዳ ይጠፋል?» ካሉ በኋላ ቀጠሉ። «ደግሞም የመጎተቻውን ሒሳብ ከክሱ አውጣልኝ። እሱ እኔን ጎትቶ፣ እኔ መኪናውን ጎትቼ፣ ተቻችለናል።»

ችሎቱ ሳቀ። ዳኛውም ሳቀ። «ማቆሚያውስ ይቅር?» አለ።

«ምን በወጣው! ማቆሚያውን ይከፍላል!» ብለው ተቆጡ።

ከፈልኩም። የሚቀጥለውን በጋ ሙሉ የሳቸውን ካሚዮን እየነዳሁ ጨረስኩ። እሳቸው ደግሞ ለአክስቴ ለስመኝ አንድ የሰባ በግ ላኩላት። ያደረሰው ሰው «ባላምባራስ ለማቆሚያዬ ብለዋል» ቢላት ከሳቋ የተነሳ በጉ ገመዱን በጥሶ አመለጣት አሉ።

ባላምባራስ ካረፉ ብዙ ጊዜ ሆናቸው። እኔም አርጅቻለሁ። ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም። ድልድይ ተሠርቶለት እንኳ ያን ወንዝ ስሻገር ዓይኔን እጨፍናለሁ። ዛሬ ፍርድ ቤት በር ላይ ወይም ፖሊስ ጣቢያ አንድ ሰው ዋስ አጥቶ ዙሪያውን ሲቃኝ ካየሁ፣ ባላውቀውም እንኳ፣ እጄ ቀድሞኝ ይነሳል። ባለቤቴ ትቆጣኛለች። «አንድ ቀን ይህን ቤት ታሸጣለህ» ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ እኔም እፈራለሁ። ያን ቅዳሜ የዞሩብኝ ጀርባዎች ግን አሁንም ፊቴ ድቅን ስለሚሉብኝ፣ እየፈራሁም ቢሆን እጄን አላወርድም።